ጸደይና ፋሲካ በኮልፌ ቀራኒዮ ጓሮዎች

በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር የትንሣኤ በዓል ከመጋቢት 26 ቀን ቀድሞ አይውልም፤ ከሚያዝያ 30 ቀንም አያልፍም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት እነዚህን ሁለት ቀናት የበዓሉ የታችኛውና የላይኛው ወሰን ይሏቸዋል። እንዲሁም ዓመቱ በአራት ወቅቶች ሲከፈል ዘመነ ጸደይ የሚገባው በዚያው በመጋቢት 26 ቀን ሲሆን፣ የሚፈጸመው ሰኔ 25 ቀን ነው። እንግዲህ ፋሲካ ቢፈጥንም ቢዘገይም ከጸደይ ደጃፍ ወጥቶ አያውቅም ማለት ነው። በየዓመቱ ሁለቱ ተያይዘው ይመጣሉ።

ጸደይ የሚለውን ቃል ግን ዛሬ ዛሬ ብዙዎቻችን ከአደይ አበባ ጋር አያይዘን እንጠራዋለን። ይህ የሆነው አውሮፓውያን ከቀዝቃዛው ወራታቸው በኋላ የሚያዩት የአበባ ወቅት በትርጉም ጽሑፎች ጸደይ እየተባለ በመለመዱ ሳይሆን አይቀርም። በአባቶች ቆጠራ ግን አደይ የምትፈካው በክረምቱ መውጫና በመፀው መግቢያ ነው። ጸደይ የበጋው ደረቅ አፈር በበልግ ዝናብ የሚርስበት፣ ገበሬው ሞፈሩን፣ የከተማው ሰው ደግሞ ዶማውን ከተሰቀለበት የሚያወርድበት ዘመን ነው። ባጭሩ የእኛ ጸደይ የሚሸተት ሳይሆን የሚቆፈር ወቅት ነው።

ውድ አንባቢያን፤ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ እያልን፣ በዛሬው የበዓል ገጻችን በምዕራብ አዲስ አበባ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ወደሚገኙ ጓሮዎች እንወስዳችኋለን። ጓሮዎቹ ትንንሽ ናቸው። ይሁን እንጂ የጾሙን ማዕድ ሲደጉሙ፣ የበዓሉን ቤት ሲያሰናዱና ጎረቤትን ከጎረቤት ሲያስተሳስሩ የኖሩ ናቸው። ዛሬ ቦታቸው እየጠበበ ስለሆነም፣ ምናቸውን ማትረፍ እንደሚቻል ማሰብ የሚገባን አሁን ነው።

የስሙ ነገር

የአዲስ አበባ ሰው ሰፈሩን በሚያየው ነገር መሰየም ይወዳል። በኮልፌ በኩል ስንሄድ ወይራ ሰፈርን እናገኛለን፤ የባሕር ዛፍ አጠና የሚሸጥበትም ቦታ አጠና ተራ ተብሏል። አካባቢው ከተማ ሆኖ ሳይታጠር በፊት ዛፍ፣ ሜዳና የእርሻ ማሳ የነበረበት መሆኑን ስሞቹ ሳይቀሩ ይመሰክራሉ።

ቀራኒዮ የሚለው ስም ደግሞ ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን የተወሰደ ነው። ቀራንዮ ጌታ የተሰቀለበት ቦታ ስም መሆኑን የማያውቅ የለም። ዘወትር የማናስተውለው ነገር ቢኖር፣ ወንጌላዊው ዮሐንስ ስቅለቱንና መቃብሩን ሲተርክ ቦታው የአትክልት ሥፍራ እንደነበረበት መግለጡን ነው። በትንሣኤውም ማለዳ መግደላዊት ማርያም የተነሣውን ጌታ ባየችው ጊዜ መጀመሪያ አትክልተኛ መስሏት ነበር። አዳም በኤደን ገነት የተቀመጠው ምድሪቱን እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት እንደነበረ ስናስብ፣ የመጻሕፍቱ ትረካ በአትክልት ተጀምሮ በአትክልት መካከል ወደ ትንሣኤ መድረሱ እንዲያው የተገጣጠመ አይመስልም። ቀራኒዮ ተብሎ በተጠራ ሰፈር የሚኖር ሰው ጓሮውን ሲኮተኩት ከቦታው ስም ጋር የሚስማማ ሥራ እየሠራ ነው ብንል ከእውነት የራቅን አይደለንም።

በጓሮ ውስጥ ምን አለ?

እኛ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ለዝክርና ለጠበል ጸዲቅ ከቤት ወደ ቤት ስለምንጠራ፣ ሌላው ሰው ሳሎኑን ብቻ የሚያይለትን ቤት ከነጓሮው የማየት ዕድል አለን። በአየር ጤና፣ በዓለም ባንክ፣ በቤተልና በካራ ቆሬ የቆዩ ግቢዎች ከማድ ቤቱ ኋላ ያለው መሬት ብዙውን ጊዜ ከአንድ ክፍል አይሰፋም። የያዘው ነገር ግን የሚናቅ አይደለም። ከአጥሩ ሥር ጌሾ ይቆማል። በጥጉ ኮባ ቅጠሉን ዘርግቶ ይታያል። ከማድ ቤቱ በር አጠገብ፣ ለእጅ በሚቀርብ ቦታ ጤና አዳም፣ በሶብላና ኮሰረት ይገኛሉ። ጠጅ ሣርና ዳማከሴም አይጠፉም። መካከሉን የያዘው ግን ጎመን ነው።

እነዚህ ተክሎች እንዲሁ ለውበት የተቀመጡ እንዳልሆኑ የሚታወቀው የፋሲካ ሰሞን ነው። ጌሾው አብዛኛውን ጊዜ ቅጠሉ ለጠላ፣ እንጨቱ ለጠጅ ይሆናል። ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ካልተጋገረ መዓዛው ይጎድላል። የፍስኩ ቅቤ ሲነጠር ኮሰረቱ ይፈለጋል። በሶብላው በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ገብቷል። ቡናው ሲፈላ ደግሞ ከጤና አዳሙ አንድ ዘለላ ይቀጠፋል። አንዲት እመቤት በዓሉን ስታሰናዳ ስንት ጊዜ ወደ ጓሮ እንደምትመላለስ ያየ ሰው፣ ጓሮው የማድ ቤቱ ሌላ ክፍል መሆኑን ይረዳል።

በዚህ ሰሞን ከጓሮ የማይገኝ፣ ነገር ግን ከሁሉ በፊት ቤት የሚገባ ቅጠል አለ። እርሱም ቄጤማ ነው። ቄጤማ ውኃ ይወዳል፤ የሚበቅለውም በረግረግና በወንዝ ዳር ነው። በቀዳም ሥዑር ካህናቱ የምሥራች እያሉ ለምእመናን ያድሉታል፤ ምእመናኑም በራሳቸው ላይ ያስሩታል። ይህም የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሠረችውን ርግብና በአፏ የያዘችውን ለምለም ቅጠል ለማሰብ ነው። የበዓሉ የመጀመሪያ ብሥራት በለምለም ቅጠል መነገሩ፣ ወቅቱም ምድሪቱ መለምለም የምትጀምርበት መሆኑ ልብ ሊባል ይገባዋል።

በኮልፌ ጓሮዎች ሌላም የሚነበብ ነገር አለ። አካባቢው ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ሕዝብ የሰፈረበት ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ሰው የትውልድ ቦታውን በአንድ ተክል ይዞት መጥቷል። ከጉራጌ ወይም ከዶርዜ የመጣው ሰው እንሰቱን አይረሳም። ከሰሜን የመጣው ጌሾውንና ጤና አዳሙን ይተክላል። ዓመታት ሲያልፉ ግን ተክሎቹ አጥር ይዘላሉ። ዛሬ እንሰት በሰሜን ሰው ግቢ ለዳቦ መጋገሪያ ሲባል ይተከላል፤ ጌሾም ከደቡብ በመጣው ሰው አጥር ሥር ይታያል። ይህን ያህል ዓመት ተጎራብቶ የኖረ ሕዝብ ምን ያህል እንደተዋሐደ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ጓሮውን ቢያይ ይበቃዋል።

ሃምሳው ቀንና የጎመኑ መደብ

የሁዳዴ ጾም 55 ቀን ነው። በዚህ ሁሉ ቀን ጎመን ከማዕድ ስለማይለይ፣ የጓሮው ጎመን በሰሙነ ሕማማት ጊዜ ተሸልቶ ተሸልቶ አገዳው ብቻ ቀርቶ እናገኘዋለን። ታዲያ የፍስኩ ቀን ሲደርስ ሰው ከጎመን ይሰናበታል። ጎመኑም ከሰው እጅ እረፍት ያገኛል።

ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያሉት ቀናት በዓለ ሃምሳ ይባላሉ። በእነዚህ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳን ሳይቀሩ አይጾሙም። የፋሲካው ሳምንት በበዓልነት የሚከበር በመሆኑ ዶማ የሚነሣው ከዳግም ትንሣኤ ማግስት ነው እንበል። ከዚያ ቀን እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው ጊዜ ስድስት ሳምንት ይሆናል። ልምድ ያላቸው አትክልተኞች እንደሚነግሩን፣ በጥሩ መደብ ላይ የተዘራና ውኃ ያልተጓደለበት የሐበሻ ጎመን ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እየሳሳ ለድስት መድረስ ይጀምራል። የጰራቅሊጦስ ማግስት ደግሞ የሐዋርያት ጾም፣ በተለምዶ የሰኔ ጾም የምንለው ይገባል። የፍስኩ ወራት ሲያልቅ የአዲሱ ጎመን ለጋ ቅጠል መድረሱን የሚያይ ሰው፣ የጾሙ ሥርዓትና የጓሮው ሥራ ለረጅም ዘመን አብረው የኖሩ መሆናቸውን ያስተውላል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። የሰኔ ጾም ሐምሌ 5 ቀን ሲፈታ ክረምቱ ከብዷል። ነሐሴ 1 ቀን ጾመ ፍልሰታ ሲገባ በገጠሩ ጎተራ የሚጎድልበት፣ አዲሱ እህል ደግሞ ገና ያልደረሰበት ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት ብዙውን ቤት የሚደጉመው በጸደይ የተተከለ ጎመን ነው። «ጎመን በጤና» የሚለው አባባል ከእንዲህ ዓይነቱ ኑሮ የወጣ ይመስለናል። ስለሆነም በፋሲካ ሰሞን የሚዘራ ሰው ለፍልሰታ እየሰነቀ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል ውስብስብ አይደለም። በበጋው ወራት የተከማቸው ፍግ፣ የቡና አተላና የአትክልት ልጣጭ በደንብ ከበሰበሰ በኋላ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል። መደቡ ከፍ ተደርጎ ይሠራል፤ ውኃ የሚያቁር ከሆነ የጎመኑ ሥር ይበሰብሳልና። ዘሩ በስሱ ይዘራል፤ እስኪበቅልም በሣር ይሸፈናል። ክሽክሽ ሲወርድበት የቆዩ ሴቶች የምድጃ አመድ ይነሰንሱበታል። ቡቃያው አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ፣ ደመና ባለበት ቀን ወይም ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትበርድ ወደ ቋሚ ቦታው ይዛወራል። ቅጠሉ የሚቀጠፈው ከሥር ነው። ልቡ አይነካም። ከባሕር ዛፍ ሥር መትከል ደግሞ ድካም ብቻ ነው፤ ዛፉ ውኃውን ቀድሞ ይጠጣዋል።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እናቶች የጎመንና የምስር እጣቢ አይደፉም፤ ለተክል ያቆዩታል። በሳሙና የታጠበበትን ግን ለጎመን አይሰጡም። ይህን ሁሉ ያወቁት ከመጽሐፍ ሳይሆን አንዳቸው ከሌላዋ ነው።

የጎመን ዘር ታሪክ

ይህ በየጓሮው የሚታየው፣ ብዙ ጊዜም የድሃ ምግብ እየተባለ የሚናቀው የሐበሻ ጎመን ትውልዱ ከዚሁ ከአገራችን ነው። ከኮሪያዊ አባት በጃፓን የተወለደው የዕፅዋት ሊቅ ናጋሃሩ ኡ በ1935 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የሐበሻ ጎመን ጥንት ከሁለት ተክሎች ድቅል የተገኘ መሆኑን አሳይቷል። አንደኛው ጥቁር ሰናፍጭ ነው። ሁለተኛው ጥቅል ጎመን የሚመደብበት ወገን ነው። በጾሙ ማዕድ ላይ ጎመኑና ሰናፍጩ ጎን ለጎን ሲቀርቡ ልጅና ወላጅ በአንድ ትሪ ተገናኙ ማለት ነው።

የአገራችንን የሰብል ሀብት የውጭ ሊቃውንት ቀድመው ያደነቁት መሆኑም ይታወቃል። ሩሲያዊው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ጎብኝቶ፣ አገሪቱን በዓለም ላይ የሰብል ዓይነቶች መነሻና መናኸሪያ ከሆኑት ጥቂት አካባቢዎች መካከል ቆጥሯታል። በ1976 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ለተባለው ተቋም መሠረት የሆነው የዘር ባንክ በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ይህን ተቋም ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ በ1989 እ.ኤ.አ. በብዙዎች ዘንድ አማራጭ ኖቤል ተብሎ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል።

ዶክተር መላኩ በሥራቸው ያጸኑት አንድ ቁም ነገር ለጓሮ አትክልተኛም ይጠቅማል። ዘር በቀዝቃዛ ክፍል ታሽጎ መቀመጡ አስፈላጊ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም፤ በገበሬው ማሳ እየተዘራና እየተመረጠ ሲኖር ነው ከአየሩና ከአፈሩ ጋር እየተላመደ የሚቀጥለው። በመሆኑም ከተቋሙ ጎን ገበሬዎችም የዘር ጠባቂዎች እንዲሆኑ አድርገዋል። በኮልፌ ያለች እናት ከጎመኖቿ መካከል ክሽክሽ ያልደፈረውን፣ ቅጠሉ ሰፊውንና ጣዕሙ የጣመውን ለይታ «ይህ ለዘር ነው፤ እንዳትነኩት» ስትል፣ ያንኑ ሥራ በስድስት ክንድ መሬት ላይ እየሠራች ነው።

ሳይደርቅ በእርጥቡ

እስካሁን የተናገርነው ስለ ተክሉ ነው። ጓሮን ጓሮ የሚያደርገው ግን ሰው ነው። የጸደይ የመጀመሪያ ዝናብ ሲጥል በኮልፌ ሰፈሮች አንድ የማይነገርለት ገበያ ይከፈታል። ገንዘብ የማይገባበት ገበያ ነው። አንዷ በጋዜጣ የተጠቀለለ የጎመን ዘር ይዛ ትወጣለች፤ ሌላዋ ሥሩ በእርጥብ ጨርቅ የታሰረ የጌሾ ችግኝ ይዛ ትመለሳለች። ባንድ ወቅት በአጥር ላይ ሲደረግ የሰማነው ንግግር እንዲህ የሚል ነበር።

«እትዬ፣ ያ የሰጡኝ ኮሰረት እኮ በበጋው ደረቀብኝ። እንዴት ብዬ ልንገርዎት ብዬ ስፈራ ከረምሁ።»

«ኧረ ምን ያስፈራሻል የኔ ልጅ! ደረቀ ማለት ዕድሉ ነው። ዝናቡ መሬቱን ያርሰው እንጂ ሌላ ቆርጬ እሰጥሻለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። እኔስ በምን እመልሰዋለሁ?»

«ለእኔ አትመልሽ። ሲይዝልሽ ከታች ቤት ለገቡት አዲሶቹ ሙሽሮች ስጪልኝ። የእኔ አንድ ቀን የደረቀ እንደሆነ ከእነርሱ እጠይቃለሁ።»

የእኒህ እናት መልስ ከደግነትም ያለፈ ነገር አለበት። ተክል እንደ ገንዘብ ቆልፈው ቢያስቀምጡት አይቆይም። በጋ ያደርቀዋል፣ ውርጭ ያቃጥለዋል፣ ፍየል ይነጨዋል፣ ሠራተኛ ሳያውቅ ይነቅለዋል። የማይጠፋበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ በብዙ እጅ መገኘቱ። የሰጡት ተክል በጎረቤት ቤት የተቀመጠ አደራ ነው። የነፈጉት ተክል ግን በነፈገው ሰው ግቢ የደረቀ ቀን ለሁሉም ይጠፋል። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚለው የአበው ቃል በጓሮ ውስጥ ምሳሌ ሳይሆን ቀጥተኛ መመሪያ ነው።

ይህ እውነት መሆኑን በካራ ቆሬ አካባቢ በአንድ ቤት አይተናል። የቤቲቱ እመቤት ለዓመታት ያሳደጉት ትልቅ ጌሾ ነበራቸው። ልጃቸው ጎጆ ሲወጣ በግቢው ውስጥ ተጨማሪ ቤት ተሠራለትና ጌሾው ተቆረጠ። ልጅ ከጌሾ ይበልጣልና ማንም አልተከፋም። ሁለት ፋሲካ በገበያ ጌሾ ከጠመቁ በኋላ፣ በሦስተኛው ጸደይ ጎረቤታቸው አንዲት ቡቃያ ይዘውላቸው መጡ። ችግኟ የበቀለችው ባለቤቲቱ ከዓመታት በፊት ለእኒሁ ጎረቤት ከሰጡት ጌሾ ፍሬ ነበር። ዛሬ በአዲሱ ቤት ግድግዳና በአጥሩ መካከል፣ አንድ ክንድ በማትሞላ ቦታ ላይ ቆማለች።

የጠበበው መሬትና የወንዙ ውኃ

ይህ ታሪክ የብዙዎች ግቢ ታሪክ ነው። ከተማዋ እያደገች ስትሄድ ግቢ ይከፈላል፤ በጓሮው ላይ ሰርቪስ ቤት ይሠራል፤ የቀረውም መሬት ጭቃ እንዳይሆን በሲሚንቶ ይለሰናል። ከ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጀምሮ የተስፋፋው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ደግሞ ለብዙ ሺህ ቤተሰቦች መጠለያ ቢሆንም፣ ጓሮ የለውም። ሰው ቤት ማግኘቱን ማንም አይጠላም። ሆኖም ሦስተኛ ፎቅ ላይ የወጣች እናት ስለ ዘር፣ ስለ መደብና ስለ ኮሰረት የምታውቀውን ሁሉ ይዛ ነው የወጣችው። እውቀቱ የሚያርፍበት አፈር ካጣ ከእርሷ በኋላ የሚያውቀው አይኖርም። አሳሳቢው ነገር እንግዲህ የጠፋው ካሬ ሜትር ብቻ አይደለም።

ሌላው አደጋ ውኃው ነው። ትንሹ አቃቂ በከተማዋ ምዕራባዊ ክፍል ሲወርድ ከፋብሪካ፣ ከጋራዥና ከመኖሪያ ቤት የሚወጣውን ፍሳሽ እየተቀበለ ይሄዳል። በ2002 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት የታተመ ጥናት፣ በአዲስ አበባ በሚለሙ ቅጠላ ቅጠል አትክልቶች ውስጥ የሚገኙ ከባድ ብረታ ብረቶችን መርምሮ በጤና ላይ ሊያስከትሉ የሚችሉትን ጉዳት አመልክቷል። ሰላጣና ቆስጣ ምን ያህል ቢታጠቡ በሥራቸው የሳቡት ብረት በውኃ አይለቅም። በወንዝ ዳር በአትክልት ልማት የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ኑሯቸው በዚያ የተመሠረተ በመሆኑ የሚወቀሱ አይደሉም። የሚያስፈልገው ወንዙ ከምንጩ ጀምሮ እንዲጸዳ ማድረግ ነው። እስከዚያው ግን የዝናብ ውኃ አጠራቅሞና የቧንቧ ውኃ ቆጥቦ በደጅ የሚለማ ጎመን፣ ምን እንደጠጣ ስለሚታወቅ ለልጆች የሚታመን ምግብ ነው።

የከተማ አትክልት ልማት አዲስ ነገር አይደለም። በ1994 እ.ኤ.አ. በካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል የታተመውና በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች እርሻ ላይ ያተኮረው መጽሐፍ፣ ከምዕራፎቹ አንዱን የሰጠው በማኅበር ተደራጅተው አትክልት ለሚያመርቱ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ነበር። በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ቤተሰብ በደጁ የሚያመርተውን ምግብ ከፍ ባለ ትኩረት እንዲታይ አድርጓል። በጉለሌና በኮልፌ ቀራኒዮ መካከል በ705 ሄክታር ላይ የተንጣለለው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር የተመሠረተው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም ለሰፈሩ ነዋሪ ልጆቹን ይዞ ሄዶ የአገሩን ተክል የሚያሳይበት ቅርብ ትምህርት ቤት ነው። መርሐ ግብርና ተቋም ግን አጥር ለአጥር የሚደረገውን መስጠትና መቀበል አይተኩትም።

በአንድ ከረጢት አፈር

ጓሮ የሌለው ሰው ምን ያድርግ? በኮንዶሚኒየም ሰገነቶች ላይ ያየናቸው ሰዎች መልሱን አግኝተውታል። ያረጀ ሳፋ፣ አፉ የተቆረጠ ጀሪካንና የማዳበሪያ ከረጢት በአፈር ሞልተው ይተክላሉ። ሦስት ነገር ብቻ ይጠነቀቃሉ። መያዣው ከሥሩ ውኃ የሚወርድበት ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል። በቀን ግማሹን ያህል ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ ያስፈልገዋል። ኬሚካል ወይም ቀለም የነበረበት ዕቃም ለምግብ ተክል አይሆንም። በአንድ ከረጢት ሁለት ሦስት እግር ጎመን ያድጋል። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ናናና ነጭ ሽንኩርት ከዚያም ባነሰ ዕቃ ይበቅላሉ። ኮባና ጌሾ በሰገነት ላይ አይሆኑም፤ ነገር ግን በሕንጻዎቹ መካከል ባለው የጋራ ቦታ ነዋሪዎች ተመካክረው ሊተክሏቸው ይችላሉ። አንድ የኮባ ግንድ ለስንት ቤት ድፎ ዳቦ ቅጠል እንደሚያወጣ ያየ ሰው፣ በጋራ መትከሉ አያስቸግረውም። እንሰት ሲባዛም አሚቾው ተሰንጥቆ፣ ፍግ ለብሶ ይቀበርና ከአንዱ እናት ብዙ ቡቃያ ይወጣል። በተፈጥሮው ለመከፋፈል የተዘጋጀ ተክል ነው።

በፋሲካ ሰሞን ልጅ ለወላጅ፣ የክርስትና ልጅ ለክርስትና አባቱና እናቱ አክፋይ መውሰዱ የቆየ ባህላችን ነው። ዳቦው፣ ጠላውና ሙክቱ እንደየአቅሙ ይቀርባል። ዘንድሮ ከዳቦው አጠገብ በእርጥብ ጨርቅ የታሰረች አንዲት ችግኝ ብትጨመር ምን ይለናል? ሙክቱ በዳግም ትንሣኤ ያልቃል። ችግኟ ግን ለሰኔ ጾም ትደርሳለች፣ ለፍልሰታ ትበቃለች፣ ለሚቀጥለው ፋሲካም ዘር ትሰጣለች። አረጋውያኑ ደግሞ በተራቸው ለልጆቻቸው የሚሰጡት ስጦታ አላቸው። ይኸውም ጎመን እንዴት ለዘር እንደሚመረጥ፣ ኮሰረት መቼ እንደሚቆረጥ፣ ለአዲስ ጎረቤት ምን ተይዞ እንደሚኬድ ነው። ይህን በቃል ከመናገር ይልቅ ልጁን አጠገብ አስቀምጦ እጁን አፈር ማስነካት ይሻላል።

የላይኛው የትንሣኤ ወሰን ሚያዝያ 30 ቀን ነው ብለናል። በማግስቱ ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችን ልደት ይከበራል። በዚያን ቀን ጎረቤት ከየቤቱ ወጥቶ ከደጅ ይሰበሰባል፤ ንፍሮው ይቀቀላል፤ አብሮ ይበላል። እስከዚያ ድረስ ዝናቡ መሬቱን ያለሰልሰዋል። በዚያ ስብሰባ ላይ ማን የጎመን ዘር እንዳለው፣ የማን ጌሾ እንዳፈራ፣ ማን ጓሮ አጥቶ ከረጢት ብቻ እንደቀረው መጠያየቅ ይቻላል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላልና የሚጎድለው ከዚያው ከክቡ ሳይወጣ ይሞላል።

በዓሉ የሰላም፣ የጤናና የልምላሜ እንዲሆንላችሁ እየተመኘን፣ ከዳግም ትንሣኤ ማግስት ዶማችሁን እንድታነሡ እናሳስባለን።

መልካም የትንሣኤ በዓል!